የልጄ ጆሮና የአክስቴ ቅቤ

ልጄን ጆሮዋን ፒያሳ አካባቢ አስበሳኋትና ጠቅ አለ አለቀ፣ ለቅሶዋም ከረሜላ እስክታይ ነው። ጉዱ የመጣው በ5ኛው ቀን። ጠዋት ጸጉሯን ልሠራት ስል የግራ ጆሮዋ ቀልቶ አብጧል፣ ጉትቻው ዙሪያ ቢጫ ነገር ደርቆ ከጸጉሯ ጋር ተጣብቋል፣ ስነካት ጩኸቷ እስከ አዘዞ ይሰማል።

አክስቴ "ቅቤ ቀቢያት እንጂ፣ እኛ በክር ተበስተን ያደግን አይደለንም እንዴ" አለች፣ ጎረቤቴ ደግሞ አልኮል ይዛ መጣች፣ እኔ በድንጋጤ ጉትቻውን ላወልቀው ስል ነርሷ ጓደኛዬ በስልክ "ተይው! ቀዳዳው ከተዘጋ መግሉ ውስጥ ይቀራል" ብላ ጮኸችብኝ። ቅቤው ቆሻሻ ይይዛል፣ አልኮሉ ቁስሉን ያቃጥለዋል አለች። እጄን በሳሙና ታጥቤ በኖርማል ሳላይን (ለቁስል ማጠቢያ የሚሆን ንጹሕ የጨው ውሃ) ጎዝ እያራስኩ በቀን 2 ጊዜ እንዳጸዳ፣ ትኩሳት ካላት ወይ ቅላቱ ወደ ላይኛው ጠንካራ ጆሮዋ ከወጣ ግን ሳልውል ሳላድር ሐኪም ጋ እንድወስዳት ነገረችኝ።

ለካ የኋላው መያዣም ቆዳዋን ነክሶ ነበር፣ ትንሽ አላላሁት። ማጽዳት በጀመርኩ በ3ኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ለመዳን ግን 6 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። አክስቴ አሁን የልጄን ጭንቅላት ይዛ ታግዘኛለች፣ ቅቤውንም አናቷ ላይ አድርጋላታለች፣ እሱን አልከለከልኳትም።