የሪባኑ ካርድ የት ቀረ?

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ለ120 ቲሸርት 54,000 ብር የተከፈለበትን የወጪ ሰነድ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቲሸርቶቹ ሮዝ ናቸው፤ ደረታቸው ላይ የጡት ካንሰር ዘመቻ ዓርማ የሆነች ጠምዘዝ ያለች ሪባን ታትሞባቸዋል። ዓርብ ጠዋት ሁላችንም ለብሰን ደረጃው ላይ ተደርድረን ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ሥራ አስኪያጁ ስለ ጡት ካንሰር አጭር ንግግር አደረጉ፤ ኬክ ተቆረሰ፤ ወደየጠረጴዛችን ተመለስን።

ማታ ቤት ስገባ አክስቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ መጥታ እኔ ዘንድ ሆና ለጡት ካንሰሯ ኬሞ የተባለውን መድኃኒት የምትወስድበት ጊዜ ነበር፤ ጸጉሯ ረግፎ ሻሽ አስራለች። ቲሸርቱን አየችና ምን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀምጣ ብዙ ዝም አለች።

«እኔ ጎረቤት እንዳይሰማብኝ ስንት ወር የሸሸግሁትን እናንተ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁት ትዞራላችሁ?»

አልተቆጣችም፤ ገርሟት ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አክስቴ እብጠቷን ያገኘችው ሰኔ ላይ ገላዋን ስትታጠብ ነው። የሽምብራ ፍሬ ታህል ነበር። አላመማትም። «ካልቆረጠመኝ፣ ካልወጋኝ ምን ብዬ ሐኪም ፊት ልቁም?» ትላለች እስከ ዛሬ። የጡት ካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም እንደሌለው የነገራት ሰው አልነበረም። ጸበል ተጠመቀች። በዚህ አልነቅፋትም፤ እኔም እጠመቃለሁ። የሚያንገበግበኝ፣ ከጸበሉ ጎን ሐኪም ዘንድም ሂጂ የሚላት አንድ ሰው መጥፋቱ ነው። ጥር ላይ የጡቷ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆንባት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደች፤ ኢንፌክሽን ነው ተብላ ክኒን ተሰጣት። ጨርሳ ስትመለስ ሌላ ክኒን ተሰጣት። አዲስ አበባ መጥታ በመርፌ ናሙና ተወስዶ የበሽታው ስም የታወቀው ነሐሴ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ከአራቱ የበሽታው ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ደርሷል።

ሥራዬ መቁጠር ነውና ቆጠርኩት። ከጥር እስከ ነሐሴ 7 ወር፣ 210 ቀን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር ዕቅድ አንዲት ሴት ምልክት አይታ ጤና ተቋም ከሄደችበት ቀን አንሥቶ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት ይላል። ከታማሚዎቹ ቢያንስ ከመቶ 60ው በሽታው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳለ እንዲታወቅላቸው፣ ቢያንስ ከመቶ 80ው የጀመሩትን ሕክምና እንዲጨርሱም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 670,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ሞተዋል፤ በአገራችንም በሴቶች ላይ ከሚከሠቱት ካንሰሮች ቀዳሚው ይኸው ነው። የእኛ 120 ቲሸርት ከእነዚያ ሦስት ግቦች የትኛውን ነካ? ሰነዱን ደጋግሜ አየሁት፤ አንዱንም አልነካም።

ሪባኑ ከየት እንደ መጣ ማንበብ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። ሻርሎት ሄይሊ የተባለች አሜሪካዊት፣ አያቷም እኅቷም ልጇም በጡት ካንሰር የተያዙባት ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ቤቷ በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ሪባን ትሠራ ነበር። ቀለሙ ሮዝ አልነበረም፤ የኮክ ፍሬ ቀለም ነው። ከሪባኖቹ ጋር ደግሞ ካርድ ታያይዛለች። ካርዱ የአገሪቱ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ዓመታዊ በጀት 1.8 ቢሊዮን ዶላር እንደ ሆነ፣ ለመከላከል የሚውለው ግን ከመቶ 5 ብቻ መሆኑን ይናገርና ሪባኑን አድርጋችሁ ሕግ አውጪዎቻችንን ቀስቅሱልን ይላል። እ.ኤ.አ. በ1992 «ሰልፍ» (Self) የተባለው መጽሔትና የመዋቢያ ምርት ኩባንያው ኤስቴ ላውደር ሪባኗን ሊያሰራጩላት ጠየቋት። ነገሩ ንግድ ይሆናል ብላ እምቢ አለች። እነርሱም ጠበቃ አማክረው ቀለሙን ለወጡት፤ ኮኩ ሮዝ ሆነ፤ በዚያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ሪባን ታደለ። ከዘመቻው የተገኘ ጥቅም የለም ማለቴ አይደለም፤ ከኩባንያው ባለቤት ቤተሰብ የሆነችው ኤቭሊን ላውደር እ.ኤ.አ. በ1993 ያቋቋመችው ፋውንዴሽን ለምርምር ብዙ ገንዘብ አውጥቷል። የሻርሎት ካርድ ግን መንገድ ላይ ቀረ። እኛ ዘንድ የደረሰው ቀለሙ ብቻ ነው።

ማተብ በምናስርበት አገር ክር ቀላል ነገር አይደለም። ማተብ ያሰረ ሰው የገባው ቃል አለ፤ «በማተቤ» ሲል የሚታመነውም ለዚህ ነው። ሪባኑን ደረታችን ላይ ስናደርግ የገባነው ቃል ምን ነበር?

ቀለሙን ጨርሼ እንዳልጥለው ያደረጉኝ አንድ ሰው ናቸው። ከፎቶግራፉ በኋላ ሰኞ ዕለት፣ ዓርብ ቦርሳዬ ላይ ያደረግኋትን ሪባን ሳላነሣ፣ ከጥበቃ ሠራተኞቻችን በዕድሜ የሚበልጡት ወደ ክፍያ መስኮቴ መጡ። የደመወዝ ጉዳይ መስሎኝ መዝገብ ከፈትኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይህን ነገር ታውቂዋለሽ ማለት ነው?» አሉኝ፤ ሪባኗን እያሳዩ። የባለቤታቸው ብብት አጠገብ የለውዝ ፍሬ የምታህል ነገር ከወጣች አራት ወር ሆኗታል። እኒያ ጨዋ ሰው ስለ ባለቤታቸው ጡት ከአንዲት ወጣት ሴት ጋር በሌላ ምክንያት ይነጋገራሉ ብዬ አላስብም። አፋቸውን የከፈተችላቸው ያች ቁራጭ ጨርቅ ናት።

እኔ ደግሞ የምመልስላቸው ነበረኝ። በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ሪፈር ከየት እንደሚጻፍ፣ የጤና መድን ደብተር መያዝ እንዳለበት፣ ናሙና ስለሚወሰድበት መርፌ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አክስቴን ይዤ ስለ ሄድኩበት አውቀዋለሁና። ውጤቱ በ23 ቀን መጣ፤ ካንሰር አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ዓርብ ያንኑ ቲሸርት ከለበሱት ከሌሎቹ ከአንዱ ጋር ቢገናኙ ኖሮስ? ብዙዎቹን ጠይቄያለሁ። ከእብጠት በቀር ሌላ ምልክት የሚያውቅ፣ መጀመሪያ የት እንደሚኬድ የሚናገር አላገኘሁም። እኔም ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ የበዓል ኮሚቴው ሲሰበሰብ እጄን አወጣሁ። ቲሸርት ይቅር፤ ሪባን ብቻ እናድርግ፤ ከእያንዳንዱ ሪባን ጋር ካርድ ይያያዝ፤ የተረፈው ገንዘብ ለማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ይሰጥ አልኩ። ይህ ማኅበር ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ታማሚዎችን ያስጠልላል፤ ይመግባል። አክስቴ የእኔ ቤት ባይኖራት ኖሮ ለኬሞ ስትመላለስ የት ታድር እንደ ነበር አስቡት፤ ሕክምና ተጀምሮ ከሚቋረጥበት ምክንያት አንዱ ይኸው ማደሪያ ማጣት ነው። አንድ ባልደረባዬ «ያለ ቲሸርት ፎቶግራፉ አያምርም» አለ። ተከራከርን። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ተስማሙ። ለሪባንና ለካርድ የወጣው 6,200 ብር ነው፤ ቀሪው 47,800 ብር ገቢ የተደረገበት ደረሰኝ ፋይሌ ውስጥ አለ።

የካርዱን ጽሑፍ አንዲት ነርስ አርማልናለች። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም መጨማደድ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፣ የመጠን ወይም የቅርጽ ለውጥ፤ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ በዚሁ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ክኒን ተሰጥቶሽ ካልተሻለሽ ናሙና ይወሰድልኝ ብለሽ ጠይቂ ይላል። ወንዶችንም፣ ጥቂቶች ቢሆኑም፣ እንደሚይዝ ከታች ተጽፏል።

የመጀመሪያውን መስመር ያጻፈችኝ አክስቴ ናት። ቀዶ ሕክምናውንም ጨረሩንም ጨርሳ አሁን ካንሰሩ እንዳይመለስ በየቀኑ ታሞክሲፈን የተባለ ክኒን ትውጣለች፤ ለክትትል ስትመጣ እኔ ዘንድ ታርፋለች። ረቂቁን ሳነብላት አቋረጠችኝና «ከሁሉ በላይ ይህን ጻፊ» አለችኝ፦ «ስላላመመሽ ደኅና ነኝ አትበይ።»

150 ካርድ አሳትመናል። 120ውን ነገ ጠዋት ከሪባኑ ጋር በመርፌ ቁልፍ እያያዝን እናድላለን። 30ውን አክስቴ በፌስታል ጠቅልላ ከልብሷ ጋር አስቀምጣለች፤ ሐይቅ ስትመለስ ገበያ ለሚመጡ ሴቶች በእጇ ልትሰጥ ነው።