ከአጎበሩ ሥር ማን ይተኛል? የጅማ ማስታወሻ

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወልቂጤን አልፈን ጊቤ ስንወርድ ሙቀቱ አይጣል ነው። ከዚያ ዳገቱ፣ ሳጃ፣ ሶኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ። ስለ መንገዱ ብዙ ሰው ጽፏል፤ ልዝለለው። ያስጠራችኝ የወንድሜ ልጅ ነች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ልትጨርስ ትንሽ ቀርቷታል። «አጎቴ፣ ገጠር ወጥተናል፣ ናና እየን» አለችኝ።

ገጠር ወጥተናል ያለችው ቲቲፒ የሚሉትን የቡድን ሥልጠና ነው። ተመራቂ የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ይመደቡና በገጠር ጤና ጣቢያ ዙሪያ አብረው ይከርማሉ። በታችኞቹ ዓመታት ደግሞ ሲቢቲፒ፣ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጠው ሥልጠና፣ አለ። ቤት ለቤት ዞረው የማኅበረሰቡን ችግር ይለያሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም ይነጋገራሉ፤ ከዚያ መፍትሔ ይሞክራሉ። ይህ ነገር የዛሬ አይደለም። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ተከፍቶ፣ በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም አብሮት ዘልቋል። (ጎንደሬዎች እንዳይቀየሙኝ፦ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን በቡድን ያሠለጥን ነበር።)

የሄድነው ከአጋሮ መንገድ ገባ ያለች ቀበሌ ነው። ወሩ ኅዳር፣ የቡና ለቀማ ወቅት። ግማሹ ቤት ዝግ ነው። መጠይቅ የያዙት ተማሪዎች በር እያንኳኩ ተመለሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሳቀችባቸው። «በዚህ ሰሞን ሰው የሚገኘው ሲመሽ ነው» ብላ ፕሮግራሙን ወደ አመሻሽ አዞረችው። አፋን ኦሮሞ ለማይችሉትም የምታስተረጉመው እሷው ነች። ያለ እሷ ምን ይውጣቸው ነበር?

አመሻሽ ላይ አንድ ቤት ገባን።

«አጎበር አላችሁ?»

«አለን።»

አንዱ ተማሪ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሊያልፍ ሲል የወንድሜ ልጅ «ማየት እንችላለን?» አለች። አጎበሩ አለ፤ ከአልጋው በላይ ተወጥሯል። አልጋው ግን የወላጆች ነው። ልጆቹስ? እናትየዋ ምድጃው አጠገብ የተነጠፈውን ሰሌን አሳየችን። ሦስት ሆነው እዚያ ነው የሚተኙት። ሌላም አጎበር ነበር፤ ከነላስቲኩ ለእንግዳ ተቀምጧል! ሲባጎ ተፈለገ። አባትየው በርጩማ ላይ ወጥቶ ከጣሪያው እንጨት አሰረው፤ ተማሪዎቹ ጫፉን ሰሌኑ ሥር ወተፉት። ልጆቹ ወዲያው ገብተው ይላፉ ጀመር። ወረቀቱ «አላችሁ ወይ» ይላል እንጂ «ማን ይተኛበታል» አይልም። ለእኔ የዚያን ቀን ትልቁ ትምህርት እሱ ነበር።

ጎረቤት ቤት ቡና ተፈልቷል፣ በጨው። ሽማግሌው ሲኒያቸውን ይዘው ተማሪዎቹን አየት አደረጓቸው።

«ልጆቼ፣ ስንቱ መጥቶ ጽፎን ሄደ። ምንጩ ግን ያው ነው። ከብትም ይጠጣበታል፣ እኛም እንጠጣበታለን።»

ሁሉም ዝም አለ። ጤና ጣቢያው በተቅማጥ የሚያክማቸው ሕፃናት ተመልሰው የሚጠጡት ከዚያው ምንጭ ነው። በነጋታው ወርደን አየነው። እዚህ ላይ አለቃው የሕክምና ተማሪው አይደለም፤ የአካባቢ ጤናው ልጅ ነው። ምንጩ ከሚፈልቅበት ድረስ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ እንደሚታሰር፣ ውኃው በቱቦ እንደሚወጣ፣ ዙሪያው እንደሚታጠር፣ ለከብቱ ደግሞ ከታች ገንዳ እንደሚሠራ መሬት ላይ በእንጨት እየሣለ አስረዳ። አፏ የማያርፈው የወንድሜ ልጅ ሜትር ይዛ ትከተለዋለች። ጥሩ ሐኪም ይወጣታል ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው፣ የአጎት አድልዎ ካልሆነ።

የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ተማሪ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል፤ ቀበሌው እዚያው ነው። ነዋሪዎቹ ድንጋዩን በአንድ ጠዋት አጋዙ። ሲሚንቶ እሰጣለሁ ያለው መሥሪያ ቤት ግን «ሰኞ» እያለ ነው። ለተማሪዎቹ የቀራቸው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥዕሉንና የልኩን ወረቀት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስረከቧት፤ ሲሚንቶውን የምትከታተለው እሷ ነች።