ከካልጋሪ እስከ ብሩክስ፣ በመንደር መጻሕፍት መንገድ

በምዕራብ ካናዳ ባለችው የአልበርታ ክፍለ ሀገር የገጠር ሰው ታሪኩን የሚጽፈው ራሱ ነው። ፕሮፌሰር አይጠብቅም። የአካባቢው ሰዎች ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ ለየቤተሰቡ ደብዳቤ ይላካል፤ አያታችሁ መቼ መጡ፣ ከየት መጡ፣ የትኛው መሬት ላይ ሰፈሩ፣ ፎቶ ካላችሁ ላኩ ይባላል። የመጣው ሁሉ በፊደል ተራ ይደረደርና ጡብ የሚያህል ባለ ጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ ይወጣል። ብዙዎቹ የታተሙት ማኒቶባ ውስጥ አልቶና በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፍሪሰን በተባለ ማተሚያ ቤት ነው። በዓል ሲመጣ ይበዛሉ፦ በ1955 አልበርታ 50 ዓመት ሲሞላት፣ በ1967 ካናዳ 100 ስትደፍን፣ በ1980 ደግሞ አልበርታ 75 ስትገባ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የለመድኳቸው ካልጋሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የካናዳ ብርድ አያልቅም፤ ሰው ምን ያድርግ? ሰመር ሲገባ ግን መኪናዬን አስነሥቼ ወደ ምሥራቅ ሄድኩ፤ መጻሕፍቱ የሚያወሩለትን አገር በዓይኔ ላየው።

ካልጋሪን ከወጡ በኋላ ተራራ የሚባል ነገር ከኋላ ይቀራል። ስንዴ፣ ካኖላ፣ ከብት፣ ሰማይ። ወሎ ተወልዶ ላደገ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ማጣት ግራ ያጋባል።

ክሉኒ አጠገብ ከዋናው መንገድ ወጥቼ ብላክፉት ክሮሲንግ ቆምኩ። ከታች ቦው ወንዝ ተጠማዞ ይፈሳል። በ1877 የሲክሲካና የሌሎች ነባር ሕዝቦች መሪዎች ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ሰባተኛው የሚባለውን የመሬት ውል የፈረሙት እዚህ ነው። ካነበብኳቸው የመንደር መጻሕፍት አብዛኞቹ ይህን ጉዳይ በሁለት ሦስት ገጽ ይጨርሱታል። ከዚያ ባቡሩ ይደርስና «እውነተኛው» ታሪክ ይጀምራል። ሲክሲካዎች ታሪካቸውን በሌላ ሰው መጽሐፍ መግቢያ ላይ አልተዉትም። በ2007 የራሳቸውን ትልቅ ሙዚየም እዚያው ውሉ የተፈረመበት ቦታ ላይ ከፍተዋል። ብሩክስ ከመድረሳችሁ በፊት እሱን እዩ፤ ቅደም ተከተሉ እንደዚያ ሲሆን ይሻላል።

ብሩክስ ውስጥ ወንበር ስቤ ማንበቤን ቀጠልኩ። የሰፋሪዎቹ ታሪክ በብዛት በአንድ ነገር ይጀምራል፤ በ10 ዶላር። በ1872 የወጣው ሕግ 10 ዶላር ከፍሎ ለተመዘገበ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ 65 ሄክታር ገደማ፣ በእኛ የድሮ ልክ አንድ ጋሻ ተኩል ያህል። ሦስት ዓመት ከኖርክበት፣ ካረስከውና ቤት ከሠራህበት ያንተ ነው። «መሬት ላራሹ» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ገጽ ቶሎ አይገለጥም።

ችግሩ መሬቱ ደረቅ ነበር። ፓሊሰር የሚባል አሳሽ ከ1857 እስከ 1860 አካባቢውን ዞሮ ይህ ክፍል ለእርሻ አይሆንም ብሎ ነበር። ማን ሰማው? ደህና ዝናብ የጣለባቸው ዓመታት ሰዉን አታለሉት። ከ1917 ጀምሮ ድርቅ በድርቅ ላይ መጣ፤ በደቡብ ምሥራቅ አልበርታ ብዙ ሰው ቤቱን እንዳለ ትቶ ወጣ። የ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ገና ሳይመጣ ማለት ነው። እሱ ሲመጣ ደግሞ ቤንዚን መግዛት ያቃተው ገበሬ ሞተሩን አውጥቶ መኪናውን በፈረስ አስጎተተው፤ ስሙንም በጊዜው በነበረው የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር በቤኔት «የቤኔት ጋሪ» አለው። መጻሕፍቱ ይህን ቀልድ ይወዱታል፤ ፎቶውም አይጠፋም።

ትቶ የወጣው ሰው ግን መጻሕፍቱ ውስጥ የለም። በ1967 ወይም በ1980 ኮሚቴው ደብዳቤ ሲልክ አድራሻው የሚታወቀው የቀረው ሰው ነው። ስለዚህ ከ400 ገጽ በላይ ስታነብ ሁሉም የጸና፣ ሁሉም የተሳካለት ይመስልሃል። እኔ እነዚህን መጻሕፍት ብወዳቸውም በዚህ ነገር አላምናቸውም። ሴቶቹም በቆዩት መጻሕፍት ላይ በባላቸው ስም ነው የሚጠሩት። የመንደሩ ቻይናዊ ካፌ ባለቤትም ብዙ ጊዜ ሙሉ ስሙ አይጻፍም፤ ጥሩ ኬክ ይሠራ ነበር፣ ለልጆች ከረሜላ ይሰጥ ነበር፣ በቃ። ለምን ብቻውን እንደኖረ አይነገርም። ከ1903 ጀምሮ ቻይናዊ ካናዳ ለመግባት 500 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ከ1923 እስከ 1947 ደግሞ በሩ ጭራሽ ተዘጋ። ሚስቱን በምን ያምጣት?

በማግስቱ ወደ ዳይኖሰር ፓርክ ነዳሁ። ሰው የሚሄደው ለአጥንቱ ነው፤ እኔ የሄድኩት ለጆን ዌር ጎጆ። አሜሪካ ውስጥ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ጥቁር ሰው ነው፤ በ1882 ከብት እየነዳ አልበርታ ገባ፣ በኋላ የራሱን ከብት አረባ። ከብቶቹ ላይ የሚተኩሰው መለያ ማኅተም አራት ዘጠኞች ነበሩ፤ 9999። በ1902 ጎርፍ ቤቱን ወሰደበት፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንደገና ሠራ። ያ ከግንድ የተሠራ ቤት ነው አሁን ፓርኩ ውስጥ የቆመው። በ1905 ሚስቱ ሚልድረድ ሞተች፤ በዚያው ዓመት መስከረም ፈረሱ ጉድጓድ ረግጦ ወደቀበትና እሱም ሞተ። በቀብሩ ላይ ካልጋሪ ግልብጥ ብላ ወጣች ይባላል። ታዲያ በቆዩት የመንደር መጻሕፍት ስሙ ፊት የጥቁር ስድብ ተለጥፎበታል፤ በፍቅር ነው የምንለው እያሉ። በዚያው ስድብ ይጠራ የነበረ ተራራ እንኳ «የጆን ዌር ተረተር» የተባለው በ1970 ነው።

ማታ ብሩክስ ተመልሼ ከአንድ ሐበሻ አባት ጋር ቡና ጠጣሁ። ከተማዋ ውስጥ ትልቅ የከብት ቄራ አለ፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ሱዳኑ፣ ሶማሌው፣ ኤርትራዊው፣ እኛም የመጣነው ለእሱ ነው። ስለ መጻሕፍቱ አወራኋቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎን ጻፉ ቢሏቸው ምን ይጽፋሉ?»

«ስለ ብርዱ አንድ መስመር አልጽፍም» አሉኝ። «ብርዱንማ ሁሉም ጽፎታል። እኔ የምጽፈው ስለ ቢላዋው ነው። ቢላዋህ ካልተሳለ ክንድህ አለቀ። ልጄ፣ ይህን ማንም አይነግርህም።»

ከዚያ የገበታ ቢላዋ አስመጡና እንዴት እንደሚሳል ሲያስረዱኝ አመሹ።