«ነጻ የወጣችበት ዓመት»፦ ስለ ካሜሩን ገለጻ ሳዘጋጅ የተሳሳትኩት

ወደ ዱዋላ ለሥራ ለሚሄዱ ባልደረቦቼ ስለ ካሜሩን ገለጻ እንዳዘጋጅ ስታዘዝ የተሰጠኝ የአንድ ሳምንት ጊዜና የሚሞላ ቅጽ ነበር። መልክዓ ምድሩን፣ ከቻድ ሐይቅ እስከ ጊኒ ባሕረ ሰላጤና እስከ ካሜሩን ተራራ ድረስ፣ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩ። ነዳጁ፣ ካካዎው፣ የዱዋላ ወደብ፣ በ1982 ሥልጣን የያዙት ፖል ቢያ፣ አሥሩ ክልሎች፣ ይህ ሁሉ አላስቸገረኝም። (ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የወደቅኩት በታሪኩ ነው። ቅጹ «ነጻ የወጣችበት ዓመት» የሚል አንድ ሣጥንና «የቀድሞ ቅኝ ገዢ» የሚል ሌላ ሣጥን ነበረው፤ እኔም ሳላመነታ «1960» እና «ፈረንሳይ» ብዬ ሞላሁ። በገለጻው ዕለት በእንግድነት የተጋበዙ፣ ቡያ ተወልደው ያደጉ አንድ ካሜሩናዊ አዛውንት እጃቸውን አነሡና «በዚያ ዓመት አባቴ በማን አስተዳደር ሥር ነበሩ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ያ ዝምታ ዛሬም ያሳፍረኛል።

መልሱ እንግሊዝ ነው። ጀርመን ከ1884 ጀምሮ የያዘችውን ግዛት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ካጣች በኋላ ፈረንሳይና እንግሊዝ ተካፈሉት፤ ሰፊው ክፍል ለፈረንሳይ፣ በናይጄሪያ ድንበር ያለው፣ የቡያ ከተማ የምትገኝበት ጠባብ ክፍል ለእንግሊዝ ደረሰ። ጥር 1 ቀን 1960 ነጻ የወጣው የፈረንሳዩ ክፍል ብቻ ነው። በእንግሊዝ ሥር የነበረው ሕዝብ በየካቲት 1961 ድምፅ ሲሰጥ ምርጫው ወደ ናይጄሪያ ወይም ወደ ካሜሩን መቀላቀል ነበር፤ ለብቻ አገር መሆን በምርጫው አልተካተተም። ሰሜኑ ናይጄሪያን፣ ደቡቡ ካሜሩንን መረጠ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት 1 ቀን ፌዴሬሽን ተመሠረተ። ፌዴሬሽኑ በግንቦት 20 ቀን 1972 ሕዝበ ውሳኔ ቀረ፤ በ1984 ደግሞ አገሪቱ የፈረንሳዩ ክፍል በ1960 ይዞት ወደነበረው «የካሜሩን ሪፐብሊክ» ወደሚለው ስም ተመለሰች። በ2016 የሁለቱ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ክልሎች ጠበቆችና መምህራን አደባባይ የወጡት በፍርድ ቤታቸውና በትምህርት ቤታቸው ላይ ፈረንሳይኛና የፈረንሳይ ሥርዓት ተጫነብን ብለው ነው፤ ያ ተቃውሞ ወደ ትጥቅ ግጭት አደገ።

በራሴ ይበልጥ የተናደድኩት ፍንጩ በእጄ ስለነበረ ነው። የካሜሩን ብሔራዊ በዓል ግንቦት 20 መሆኑን በዚያው ቅጽ ላይ ጽፌ ነበር፤ በዓሉ የነጻነት ቀን ያልሆነው ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። በ1952 በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን መቀላቀሏን፣ በ1962 ፌዴሬሽኑ መፍረሱንና ከዚሁ ጋር የተያያዘውን ጦርነት እየሰማ ላደገ ሰው ይህን አለመጠየቅ ሰበብ የለውም።

የገለጻ አዘገጃጀት መመሪያው ታሪክን በመጨረሻ፣ ከግማሽ ገጽ ሳይበልጥ አስገቡ ይላል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ፤ ታሪኩን አስቀድሙ፣ ከሌላው ክፍል ቆርጣችሁም ቢሆን ቦታ ስጡት፤ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ክልል በባሜንዳ ያለ ፍርድ ቤት በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ክልል በዱዋላ ካለው በተለየ የሕግ ልማድ የሚሠራው ለምን እንደሆነ ሌላ የሚያስረዳችሁ ክፍል የለምና። የበዓላቱን ዝርዝርም ከነምክንያታቸው አጣሩ።

ሣጥኑ ሦስት ቀኖች እንዲይዝ ለኃላፊው በጽሑፍ አመለከትኩ። «ቅጹ ለሁሉም አገር አንድ ነው» ተባልኩ፤ ሣጥኑ አሁንም ከአንድ ዓመት በላይ አይቀበልም።