አዲስ ኮንሶልና የስደተኛ እናት ኪስ

ስደት ላይ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ «እማዬ፣ አዲሱ ወጣ እኮ!» የሚለውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። አዲሱ የሚባለው አንዴ ፕሌይስቴሽን፣ አንዴ ኤክስቦክስ፣ አንዴ ኒንቴንዶ ነው። ብዙዎቻችን የምንደነግጠው በማሽኑ ዋጋ ነው። ማሽኑ ግን አንዴ ተከፍሎበት ያልቃል። ከዚያ በኋላ በየልደቱ፣ በየእረፍቱ፣ ጥሩ ውጤት በመጣ ቁጥር የሚጠየቀው ጌሙ ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት አዲስ ኮንሶል (ጌም መጫወቻ ማሽን) ሲመጣ የጌም ዋጋ ምን እንደሚሆንና እኛን በየት በኩል እንደሚነካን ነው።

«ጌም ቅንጦት ነው፣ ካልቻልሽ ተይው» የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ እገባለሁ። ልጄ እዚህ ሲመጣ ቋንቋውን አያውቅም ነበር፤ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ጥግ ይዞ ይቆማል። አፉን የፈታው በጌም ነው። ማይክ አድርጎ ከክፍሉ ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት መጀመሪያ «አቀብል»፣ «ምታ» ማለት ቻለ፤ ቀስ በቀስ መከራከር ጀመረ፤ በመጨረሻ ሲያስቃቸው ሰማሁት። በሰው ቋንቋ ሰው ማሳቅ የቻለ ልጅ ከእንግዲህ ብቻውን አይደለም ብዬ ያን ቀን ልቤ አረፈ። ስለዚህ ጓደኞቹ ወደ አዲሱ ማሽን ተሻግረው እሱ አሮጌው ላይ ሲቀር፣ የሚያጣው ጓደኞቹን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ጌም ዋጋ ሲፈርድብኝ ይከፋኛል።

ወደ ዋጋው ልምጣ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዋጋዎቹም በአሜሪካ ገበያ ናቸው።) በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንድ ትልቅ አዲስ ጌም 50 ዶላር ገደማ ነበር። በ2005 ኤክስቦክስ 360፣ በ2006 ፕሌይስቴሽን 3 ሲመጡ 60 ሆነ። እዚያው ላይ 15 ዓመት ያህል ቆየ። በ2020 መጨረሻ ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ሲወጡ 70 ተባለ። በ2025 ሰኔ ወር ኒንቴንዶ ስዊች 2 ሲመጣ ደግሞ አብሮት የወጣው ማሪዮ ካርት ወርልድ 80 ዶላር ተለጠፈበት። አካሄዱ ግልጽ ነው። ለዓመታት ተኝቶ የቆየ ዋጋ የሚነሳው አዲስ ማሽን በሚወጣበት ሰሞን ነው፤ ሰው አዲስ ነገር ይዞ ስለሚደሰት ጭማሪውንም አብሮ ይቀበለዋል።

እውነቱን ለመናገር ግን ድሮም ርካሽ አልነበረም። በ1990ዎቹ ጌም በካርትሪጅ (ማሽኑ ላይ በሚሰካ የፕላስቲክ ካሴት) ይሸጥ በነበረበት ጊዜ 60 እና 70 ዶላር የሚያወጡ ነበሩ፤ የዚያን ጊዜው ዶላር ደግሞ የዛሬውን እጥፍ ይገዛ ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ አዲስ የኮንሶል ትውልድ ጌምን አርክሷል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በሲዲ መጣ፤ ሲዲ ማተም ደግሞ ካርትሪጅ ከመሥራት እጅግ የረከሰ ነበርና ዋጋው ወደ 50 ዶላርና ከዚያም በታች ወረደ። ይህን የሚያውቁ ሰዎች «የገንዘቡ መርከስ ሲሰላ ጌም አልተወደደም» ይላሉ። ሒሳባቸው ትክክል ነው። የእኔ ደመወዝ ግን ከቤት ኪራዩ ጋር እኩል አልሮጠም፤ ከደመወዜም ላይ በየወሩ ወደ ሀገር ቤት የሚላክ አለ። እኔ ዋጋን የምለካው ያ ሁሉ ከተነሳ በኋላ በሚተርፈኝ ነው፤ በዚያ ሲለካ 80 ዶላር ከባድ ነው።

ኩባንያዎቹም ዝም ብለው አይደለም የሚጨምሩት። ማሽኑ በበረታ ቁጥር ሥዕሉ ይጠራል፤ ሥዕሉ በጠራ ቁጥር የሚሠራው ሰው ይበዛል። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በፍርድ ቤት ክርክር በወጡ ሰነዶች ላይ እንደታየው ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2 የተባለውን ጌም ለመሥራት 220 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስትን ለመሥራት ደግሞ 212 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለዓመታት ደክመውበታል፤ የእነሱም ልፋት ይከፈልበት እላለሁ። ግን ሁሉም ጌም ይህን ያህል መግዘፍ አለበት? ልጄና ጓደኞቹ ለሰዓታት የሚስቁበት ጌም አብዛኛውን ጊዜ የፊት ላብ ጠብታ ሳይቀር የሚታይበት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እንደኛ ያለው ሰው ወደ ጌም የሚገባባቸው ሁለት የጓሮ በሮች ነበሩ፤ መታገሥና ዲስክ። ሁለቱም እየጠበቡ ነው።

መታገሥ ማለት፣ ማሽኑ እስኪረክስ መጠበቅ ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 በ299 ዶላር ወጥቶ በ2009 በ99 ይሸጥ ነበር። የሚቸኩል ይግዛ፣ እኛ ቆይተን እንገዛለን እንል ነበር። ዛሬ የቆየ ሰው ጭማሪ ይከፍላል። ዲስክ የሚቀበለው ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ከወጣበት 499 ዶላር በነሐሴ 2025 ወደ 549 ከፍ አለ፤ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም በ499 ተጀምሮ በጥቅምት 2025 ወደ 649 ደረሰ። ድሮ ቺፑ እያነሰ ሲሄድ ማምረቻው ይረክስ ነበር፤ አሁን ግን ረቂቁን ቺፕ መሥራት ራሱ እየተወደደ ነው። የአሜሪካ ቀረጥ አለበት። ሚሞሪውንም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ትልልቅ ማዕከል የሚገነቡ ኩባንያዎች ይሻሙበታል።

ዲስኩ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል። እዚህ ባለነው ቤተሰቦች መካከል አንድ ዲስክ ስንት ቤት ይዞር ነበር! አንዱ ልጅ ሲጨርስ ለሌላው ያቀብላል፤ አዲስ የመጣ ቤተሰብ ካለ ትልልቆቹ ልጆች የጨረሱትን ሰብስበው ይሰጣሉ። ልጄ የመጀመሪያዎቹን ጌሞች ያገኘው እንደዚህ ነው። ኮንሶል የሚጠግን አንድ የእኛው ልጅ አለ፤ አዲሱን ልገዛ ስዘጋጅ «እትዬ፣ ረከሰ ብለው ዲስክ ማስገቢያ የሌለውን እንዳይገዙ» አለኝ። ዲጂታሉ፣ ማለትም ዲስክ የማይቀበለው ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ 399 ነበር፤ በ100 ዶላር ይቀንስ ነበር። እሱ ግን አስልቶ አሳየኝ። በ70 የገዛሁትን ዲስክ ልጄ ከጨረሰው በኋላ በ40 ብሸጠው፣ ያ ጌም የፈጀብኝ 30 ነው። ዳውንሎድ የተደረገው ግን 70ው እንዳለ ይቀራል፤ አይሸጥም፣ ለጎረቤት ልጅ አይሰጥም። ጥቂት ጌም እንደገዛሁ ያተረፍኩት 100 ዶላር ጠፋ ማለት ነው። በ2024 የመጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ 699 ዶላር ተጠይቆበት እንኳ ዲስክ ማስገቢያው ለብቻው የሚገዛ ነው። ለስዊች 2 ከሚሸጡት ካርዶች አንዳንዶቹም ጌሙን አልያዙም፤ ማውረጃ ቁልፍ ብቻ ናቸው። እነዚህን እንኳ ማዋስም መሸጥም ይቻላል፤ ግን ጌሙ የሚመጣው ከኢንተርኔት ነው፣ የሚያወርደው ቦታ የተዘጋ ቀን ካርዱ ባዶ ነው።

ስለዚህ አዲስ የኮንሶል ትውልድ ጌምን ያስወድዳል ወይ ብትሉኝ መልሴ አዎ ነው፤ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ የሚያስወድደው ግን መዋዋስንና መሸጥን ሲያስቀር ነው። 10 ዶላር ጭማሪ ሀብታሙም ድሃውም ይከፍለዋል። የዲስክ መጥፋት የሚጎዳው ግን ያገለገለ የሚገዛውን ነው።

ሀገር ቤት ያለው የእህቴ ልጅም በዚህ ነገር ውስጥ አለ። ሁለቱ የአክስት ልጆች አብረው እንዲጫወቱ ብዬ እዚህ የምገዛው የፕሌይስቴሽን ጊፍት ካርድ የሚሠራው እዚህ ሀገር በተከፈተ አካውንት ላይ ብቻ ነው። ዲስክ ሻንጣ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ሰው ሲሄድ ይላካል። በ2024 ግንቦት ላይ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ታዝዞ ነበር። ያ አገልግሎት በሌለባቸው ከ170 በላይ ሀገራትና ግዛቶች ሽያጩ ተዘጋ፤ ተጫዋቹ ሁሉ ሲቆጣ ግዴታው በቀናት ውስጥ ተነሣ። አካውንት የማይከፈትባቸው ሀገራት ያን ያህል ብዙ እንደሆኑ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ለእህቴ ልጅ ግን አዲስ ወሬ አልነበረም።

ጌሙን ከመግዛት በየወሩ እየከፈሉ ብዙ ጌም መጫወት ይሻላል የሚሉም አሉ። ለትንሽ ጊዜ ጥሩ ነበር። ሆኖም የኤክስቦክሱ ጌም ፓስ አልቲሜት በጥቅምት 2025 ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር ዘሏል፤ በዓመት 360 ዶላር ማለት ነበር፣ መክፈል ባቆምሽ ቀን ደግሞ እጅሽ ላይ የሚቀር የለም። «ነጻ» የሚባሉት ፎርትናይትና ሮብሎክስም ጌሙ ውስጥ በሚሸጡት ልብስና ጌጥ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ የባንክ ካርድ እንዳታስገቡ።

እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። ያገለገለ፣ ዲስክ የሚቀበል ፕሌይስቴሽን 5 ገዛሁ። የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞችን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ስለሚያጫውት የነበሩን ዲስኮች ሥራ አልፈቱም። ልጄ ጓደኞቹ የሚጫወቱትን አንድ የኳስ ጌም በጊዜው ያገኛል፤ ሌላውን እንጠብቃለን። ከትንንሽ ስቱዲዮዎች የሚወጡትንም አስለመድኩት። ስታርድው ቫሊን አንድ ሰው ለብቻው ሠርቶ በ15 ዶላር ነው የሸጠው፤ በ2025 የወጣው ሆሎው ናይት ሲልክሶንግ ብዙ ሰው ሲጠብቀው ኖሮ 20 ዶላር ነበር። ከ80 ዶላሩ ያነሰ ደስታ አላየሁባቸውም።

ደግሞ ሰው አለመግዛቱ ኩባንያዎቹ ዘንድ ይሰማል። የኤክስቦክስ ባለቤት ማይክሮሶፍት ዘ አውተር ወርልድስ 2 የተባለውን ጌም በ80 ዶላር ሊሸጥ አስታውቆ ነበር፤ ሰው ሲያጉረመርም ገና ገበያ ሳይወጣ ወደ 70 መለሰው። ቀጣዩ የኮንሶል ትውልድ ሲመጣም እኔ የማየው የዲስክ ማስገቢያውን ነው። ካለው፣ ከወጣ ቆየት ብሎ ያገለገለውን እገዛለሁ። ከሌለው፣ ልጄን አስቀምጬ ይህንኑ ሒሳብ አሳየዋለሁ፤ አሁን ባለው ማሽንም አብረን እንቆያለን። እናንተም ቤት ዲስክ ካለ አትጣሉ፤ አዲስ የሚመጣ ቤተሰብ አይጠፋም።