ሰማያዊው በር ላይ፣ ሮዙ ማድ ቤት ጀርባ

በ2012 ዓ.ም. ጅማ ወዳለው ቤታችን ስንገባ ግቢው ከአንድ አቮካዶና ከጥቂት የቡና እግሮች በቀር ባዶ ነበር። የሚያብቡ ቁጥቋጦዎች ልተክል ተነሣሁ፤ ምርጫውን ግን ለዓይኔ ተውኩት። አዳማ ውስጥ አንድ አጥር ላይ ቅጠሉ እስከማይታይ ድረስ ያበበ ቡገንቪሊያ አይቼ ስለነበር ከሁሉ አስቀድሜ ሦስት ችግኝ ገዛሁ። ጉድጓዱን በፍግ ሞላሁ፤ ዝናብ ባልጣለበት ቀን ሁሉ ውኃ አጠጣሁ።

አደገልኝ። በሁለት ዓመት ጣሪያ ደረሰ፤ እሾህና ቅጠል ብቻ ሆኖ። ጎረቤታችን ሐጂ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አሻግረው አዩና «ልጄ፣ አጥግበኸዋል፤ የጠገበ ምን አስጨንቆት ያብባል?» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከግንቦት እስከ መስከረም ይወርዳል። ቡገንቪሊያ ደግሞ ፀሐይ ሲመታውና ሥሩ ጥቂት ሲጠማ ነው የሚያብበው። ሥሩ ሲነቀል ስለሚያኮርፍ ትልቁን ማዛወር አልደፈርኩም። የጠነከረ ቅርንጫፍ በእርሳስ ውፍረት፣ በስንዝር ርዝመት እየቆረጥኩ አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ተከልኩ። ከአሥሩ አራቱ ያዙ። እነሱን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ፀሐይ እንጂ ዝናብ እምብዛም በማይደርስበት ግድግዳ ጥግ አሰለፍኳቸው፤ ፍግም ነፈግኳቸው። በተከታዩ ዓመት ኅዳር ላይ ቀሉ። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት አበባ የምንለው ቅጠል ነው፦ እንደ ወረቀት የሳሱ ሦስት ቀይ ቅጠሎች፣ በመካከላቸውም ጫፋቸው ነጭ የሆነ ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች። እውነተኛዎቹ አበቦች እነዚያ ቱቦዎች ናቸው።

ትልልቅ ክብ የአበባ ዘለላ የሚያወጣው ቁጥቋጦ፣ የሃይድራንጂያው ነገር ግን ከሁሉ በላይ አስገረመኝ። ከአንድ እናት ተክል ሁለት ቁራጭ ወስጄ አንዱን በር ላይ፣ ሌላውን ማድ ቤት ጀርባ ተከልኩ። የበሩ ሰማያዊ አበበ፤ የማድ ቤቱ ሮዝ። ቁራጮቹን ያደባለቅኩ መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ምስጢሩ የተገለጠልኝ የቤት ሠራተኛችን የምድጃ አመድ ስትደፋ ያየሁ ዕለት ነው። የእኛ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ በአሲዳማ አፈር ውስጥ አልሙኒየም ለሥሩ በቀላሉ ስለሚደርስ አበባውን ሰማያዊ ያደርገዋል። አመድ አሲዱን ሲሰብረው አልሙኒየሙ አፈሩ ውስጥ ይታሰርና አበባው ወደ ሮዝ ያደላል። ነጩ ዝርያ ግን ለዚህ ጨዋታ ደንታ የለውም። እኔም ነገሩ ጥሞኝ አመድ አብዝቼ አንድ ወቅት ሙሉ ቅጠሉን ቢጫ አድርጌዋለሁ፤ አሁን በወር አንድ ጣሳ ይበቃዋል።

የጽጌረዳዎቹን ሞት ባላነሣ ደስ ባለኝ። ቡና አገር ተቀምጬ ማዳበሪያ አልገዛም ብዬ፣ ከቡና ማጠቢያ እርጥብ የቡና ልጣጭ በጆንያ አስመጥቼ በየሥራቸው ቆለልኩ። በሦስተኛው ቀን እጄን ክምሩ ውስጥ ብከተው ከምጣድ እንደወጣ ዳቦ ይፋጃል። ከአምስቱ አራቱ ደረቁ። ልጣጩ ጥፋት የለበትም፤ ትኩሱን መጠቀሜ ነው ጉዱ። ዛሬ ጥግ ላይ ቆልዬ፣ እያገላበጥኩ፣ ጠቁሮ ሽታው እስኪጠፋ ወራት አቆየዋለሁ።

የላይኛ ቅጠሎቹ እንደ አበባ የሚቀሉት ቁጥቋጦ፣ ፖይንሴቲያም አለኝ፤ አንዱ በታኅሣሥ ሲቀላ ከበረንዳው አምፖል ሥር ያለው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ረጅም ያልተቋረጠ ጨለማ ካላገኘ አይቀላም። አምፖሉን ማጥፋት ይበጅ ነበር፤ ቤተሰቡ አልተስማማም።

የወፍ ቆሎ ግን አልተክልም። ቀለሙ ያምራል፤ ይሁን እንጂ ፍሬውን ወፎች እየበተኑት የግጦሽ መሬት ይወርራል፣ ከብትም ይመርዛል። ግቢዬ ውስጥ ባገኘሁት ቁጥር እነቅለዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ሐጂ «ሮዙን ነው የምፈልገው፤ ሰማያዊውን ለራስህ ያዘው» ብለው ቁራጭ ጠየቁኝ። የት ሊተክሉት እንዳሰቡ ስጠይቃቸው በራቸው ላይ መሆኑን ነገሩኝ። ከቁራጩ ጋር አንድ ባልዲ አመድ ላክሁላቸው።