ወደ ቀኝ መታጠፍ፦ በሃንግዡ የስድስት ወር የመንዳት ማስታወሻዬ

ትናንት ማታ የትራፊኩን አፕ ከፍቼ አየሁ። ሃንግዡ ውስጥ መንዳት ከጀመርኩ ስድስት ወር ሞላኝ፤ የተመዘገበብኝ የጥፋት ነጥብ ዜሮ ነው። ለማታውቁት፣ ቻይና ውስጥ በአንድ ዓመት 12 ነጥብ የሞላበት ሹፌር መንጃ ፈቃዱ ተይዞ ወደ ትምህርትና ፈተና ይመለሳል። ቀይ መብራት መጣስ ብቻውን 6 ነው። ስልክ ይዞ ማውራት 3። ካሜራ የሌለበት ትልቅ መስቀለኛ መንገድ ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ዜሮዋ አኩርታኛለች፣ አልደብቅም። ግን ካሜራ ያልመዘገበው ነገር አለ፣ እሱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ዓለም አቀፍ የሚባለው መንጃ ፈቃድ እዚህ አይሠራም። የአዲስ አበባውን አስተረጎምኩ፣ የጤና ምርመራ አደረግኩ፣ ከዚያ የቀረኝ የጽሑፍ ፈተና ብቻ ነበር። 100 ጥያቄ፣ 45 ደቂቃ፣ ማለፊያው 90። በእንግሊዝኛ ተፈተንኩ። 87 አምጥቼ ወደቅኩና በዚያው ቀን በሚሰጠው ሁለተኛ ዕድል 94 አመጣሁ። የጣሉኝ የትራፊክ ፖሊስ የእጅ ምልክቶች ናቸው፣ ስምንቱን በደንብ አጥኗቸው። ሁሉም ሰው ጥያቄዎቹን ሸምድዶ ነው የሚገባው፤ እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ለማለፍ ይበቃል። መንገድ ላይ ስትወጡ ግን የሸመደዳችሁት ነገር በሩብ ሰከንድ አይመጣላችሁም።

የእኔ ችግር አንድ ነው፦ ወደ ቀኝ መታጠፍ።

ቀላል ይመስላል። እንደ አገራችን በቀኝ ነው የሚነዳው፣ መሪው በግራ ነው፣ ምንም አዲስ ነገር የለም። መብራቱ ክብ ቀይ ቢሆን እንኳ ማንንም ካላደናቀፋችሁ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይፈቀዳል፤ የቀስት ቅርጽ ያለው ቀይ ከሆነ ብቻ አይቻልም። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በቀይ ስትታጠፉ ፊት ለፊታችሁ ያለው ዜብራ በሰው ይሞላል። በአረንጓዴ ስትታጠፉ ደግሞ የምትገቡበት መንገድ ዜብራ ላይ እግረኛው አረንጓዴ በርቶለታል። በዚያ ላይ በቀኛችሁ በኩል ለሳይክል የተለየ መስመር አለ። እዚያ መስመር ላይ ኤሌክትሪክ ሳይክሎቹ፣ ዲየን ዶንግ ቸ የሚሏቸው፣ ቀጥ ብለው ይመጣሉ። ድምፅ የላቸውም። ምግብ አድራሹ ይመጣል፣ ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት ትመጣለች፣ አንዳንዱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል። እናንተ የምትታጠፉት የእነሱን መንገድ ቆርጣችሁ ነው። ቅድሚያውም የእነሱ ነው።

በሁለተኛው ወር ቢንጂያንግ በሚባለው የከተማው ክፍል ውስጥ ከሥራ ስወጣ ነው። አጠገቤ ጎረቤቴ ተቀምጠዋል፣ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሺፉ እላቸዋለሁ፣ እዚህ ሹፌርንም የእጅ ባለሙያንም በአክብሮት የሚጠሩት እንደዚያ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ነበር። ፍሬቻ አብርቻለሁ። የቀኙን ስፖኪዮ አየሁ፣ ባዶ ነው። ዜብራው ላይ አንድ አዛውንት እየተሻገሩ ስለነበር ቆሜ ጠበቅኳቸው። እንዳለፉ ነዳጅ ረገጥኩ። ሺፉ "ቲንግ!" ብለው ጮኹ፣ ቁም ማለት ነው። ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዋ ሕፃን የጫነች ሴት በቀኙ በር አጠገብ ሽው ብላ አለፈች። መሃላችን ክንድ አይሞላም። ዞር ብላም አላየችኝም፣ መንገዱ የእሷ ነበርና። ሕፃኑ ቢጫ ሄልሜት አድርጓል። ያ ቢጫ ሄልሜት ለብዙ ሌሊት ከዓይኔ አልጠፋም።

ቤት ገብቼ አሰላሁት። በአገሪቱ ደረጃ መሠረት ኤሌክትሪክ ሳይክል በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ይሄ በሰከንድ ሰባት ሜትር ገደማ ነው። አዛውንቱን ስጠብቅ ቢያንስ አራት ሰከንድ አልፏል። ስፖኪዮዬ ባዶ ነው ባልኩበት ሰዓት ሴትዮዋ 28 ሜትር ኋላ ነበረች ማለት ነው። ማየቱንስ አይቻለሁ። ግን ያየሁት ያለፈውን ነው።

ከዚያ በኋላ ሺፉ እሁድ እሁድ ማለዳ ይዘውኝ ይወጡ ጀመር። አንድ ብሎክ መርጠን በቀኝ፣ በቀኝ፣ በቀኝ እየታጠፍን እንዞራለን። እዚህ ልጅ አዋቂው የሚያውቀው አባባል አለ፦ ኢ ቲንግ፣ አር ካን፣ ሳን ቶንግጉዎ። አንደኛ ቁም፣ ሁለተኛ እይ፣ ሦስተኛ እለፍ። የሺፉ ጭማሪ "እይ" የሚለው ላይ ነው። በዓይን ብቻ አይሆንም፣ በአንገት ነው። ጭንቅላትህን ወደ ቀኝ ትከሻህ አዙረህ የኋላውን መስኮት እይ፣ ከዚያ ወዲያው ተንቀሳቀስ ይሉኛል። በማየትና በመንቀሳቀስ መካከል ሌላ ነገር ከገባ፣ እግረኛም ይሁን የራስህ ሐሳብ፣ እንደ አዲስ እይ። በብዙ ከተሞች ትላልቅ መኪኖች ወደ ቀኝ ከመታጠፋቸው በፊት ሙሉ በሙሉ እንዲቆሙ ይገደዳሉ፤ የኋላ ጎማቸው ከፊተኛው ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚቆርጥ አጠገባቸው ያለውን ሰው ይበላል። ትንሿን መኪና ማንም አያስገድዳትም። እኔ ግን እቆማለሁ። ሁልጊዜ።

ስለ ስክሪን የምለው አለኝ። አሁን መኪናው ሁሉ ዙሪያውን የሚያሳይ ካሜራ አለው፣ ጓደኞቼም "እሱን እያየህ ታጠፍ" ይሉኛል። አልስማማም። ያ ካሜራ ለማቆሚያ ነው የሚጠቅመው። ጥቂት ሜትር ያሳያል፣ በሰከንድ ሰባት ሜትር የሚመጣውን ሰው አያሳይም። ዓይናችሁንም ከመንገዱ ይነጥቃል።

መኪና ከመንዳታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ወር ኤሌክትሪክ ሳይክል ንዱ። ሄልሜት አድርጋችሁ። ይህንን ከየትኛውም ትምህርት አስበልጣለሁ። እኔ ያደረግኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው፣ መቅደም ነበረበት። ቀኝ የሚታጠፍ መኪና ከሳይክል ላይ ሆናችሁ ስታዩት ምን እንደሚያስፈራ ይገባችኋል። የመኪና በር ድንገት ሲከፈትባችሁም እንደዚያው። ቻይናዎቹ ካይ መን ሻ ይሉታል፣ በበር መግደል እንደማለት። ከዚያ ወዲህ የእኔን በር የምከፍተው በቀኝ እጄ ነው፤ እጁ ሲሻገር ሰውነት ወደ ኋላ ይዞርና የሚመጣውን ታያላችሁ።

ዜብራ ላይ ሃንግዡን አመሰግናለሁ። እግረኛን ማሳለፍ በአገር አቀፉ ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ ይህች ከተማ በ2016 በራሷ ደንብም አስገብታዋለች፣ አውቶቡሶቹ ደግሞ ከዚያ በፊት የጀመሩት ነው። የማያሳልፍ 3 ነጥብ አለበት። እዚህ መኪኖች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ሰዎችም ተረጋግተው ይሻገራሉ። አደጋው ያለው በአጠገባችሁ የቆመውን መኪና ስታልፉ ነው። ከፊቱ ሰው ብቅ ይላል። ጉዊ ታንቶው ይሉታል፣ መንፈስ ጭንቅላቱን ሲያወጣ። ጎረቤት መስመር ላይ መኪና ዜብራ ጋ ከቆመ፣ ምክንያቱ ባይታያችሁም ቁሙ።

ክላክስ ነገር ላይ ገና ነኝ። በብዙ ከተሞች መሃል ከተማ ላይ ክልክል ነው። አዲስ አበባ ስነዳ ክላክስ "መጣሁ" ማለቴ ነበር፤ አሁንም ስደነግጥ እጄ ወደ መሪው መሃል ይሄዳል። መድረስ ያለበት እግሬ ነው፣ ወደ ፍሬን።

ዝናብ ያለበትን ምሽት ግን አልቻልኩትም። ሳይክል ነጂዎቹ ሰፊ የዝናብ ልብስ ይለብሳሉ፣ ኮፍያው ግራ ቀኛቸውን ይከልላቸዋል፣ ልብሱ ስፖኪዮአቸውን ይሸፍናል። የእኔም መስኮት በጠብታ ይሞላል። አንገቴን ባዞርም የማየው የመብራት ብልጭታ ብቻ ነው። ባለፈው ሐሙስ እንደዚያ ሆኖብኝ መታጠፊያዬን ትቼ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ሦስት መስቀለኛ አልፌ ለሳይክሎቹ የተለየ መብራት ያለበት ጋ ታጠፍኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ዘገየሁ። ነገም ከዘነበ በዚያው ነው የምሄደው።